የአያቴ ጭቃ ቤት ሆዱ ተነፋ፤ ላፍርሰው ወይስ ላድነው?

የአራዳዋ (መስከረም 14)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደሴ፣ አራዳ አካባቢ ነው፤ አያቴ ባሳደገችኝ ቤት። ጭቃ ቤት ነው። ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ አቡጄዲ። መቼ እንደተሠራ የሚናገር ወረቀት የለንም። አያቴ ግን «ኅዳር 26 ጣልያን ደሴን በቦምብ ሲደበድብ እናቴ እኔን አዝላ በዚህ በር ነው ሮጣ የወጣችው» ትል ነበር። ያ 1928 ነው። እንግዲህ ቤቱ ከዚያ በፊት ነበረ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ። የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ግንበኛ አመጣሁ። በየዓመቱ ለመስቀል ግድግዳ መለቅለቅ ሰልችቶኝ ነበር። «ሲሚንቶ ልለስንልሽና ዕድሜ ልክሽን ተገላገይ» አለኝ። አመንኩት። የዶሮ ሽቦ በሚስማር መታበት፣ 9 ኩንታል ሲሚንቶ ፈጀ፣ ጓዳውንም ሊሾ አደረገልኝ። እኔም ፈዛዛ አረንጓዴ ቀለም ቀባሁት። እውነቱን ልናገር፣ በመጀመሪያው ዓመት ጎረቤት መጥቶ እስኪያይ ድረስ አምሮ ነበር።

በሁለተኛው ክረምት ከጦሳ ተራራ በኩል ያለው ግድግዳ ከታች ቀለሙ እንደ ቃጠሎ ቁስል ውሃ ቋጠረ። ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ሆዱ ተነፋ። በጣቴ ሳንኳኳው እንደ ባዶ በርሜል ይጮሃል። ጳጉሜን ላይ ሌሊት ምጣድ የሚያህል ቁራጭ ተገንጥሎ ዶሮ ቤቱ ላይ ወደቀ። ዶሮዎቹ ተርፈዋል፣ ለአንድ ሳምንት ግን እንቁላል አቆሙ።

ሲነጋ ባትሪ ይዤ ቀዳዳውን አየሁት። ጭቃው ሊጥ ሆኗል። ማገሩን በማንኪያ እጀታ ገፋ ሳደርገው የተቀቀለ ድንች ውስጥ እንደሚገባ ገባ። ከጎኑ የቆመው እንጨት ግን ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ ቢላዋ አልበጣውም። ጠጋ ብዬ ሳሸተው ጥድ ጥድ ይላል። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ!

ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደውሎ «አፍርሺውና በብሎኬት እንሥራ» ይላል። እናቴ ደግሞ አፍርሺው የሚል ቃል በፊቷ አይነሳ። እኔ ላም እሳት ወለደች ሆኖብኛል። ብሎኬት ቤት ያላት ጓደኛዬ ጋ ስሄድ ጋቢ ለብሼ ነው ቡና የምጠጣው። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ጭቃ ቤቱ ይሞቃል። ግን በላዬ ላይ ቢወድቅስ? እንደገና ሲሚንቶ ይለሰንበት? ወይስ ምን ይሻላል?

ባለብሎኬት

እህቴ አፍርሺው። ጭቃ ቤት የድሮ ነው፣ አይጥና ምስጥ ለመቀለብ ካልሆነ ምን ይሠራል? ሦስት ጊዜ ከመጠገን አንዴ መሥራት ነው።

ለሳኙ ከኮምቦልቻ

ልጄ፣ እኔ ከ40 ዓመት በላይ የለሰንኩ ሰው ነኝ። አሁን ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ልጆቼን እያሠራሁ ነው። ጭቃ ቤት ላይ ሲሚንቶ ለስኛለሁ፤ አልክድም። ሰው ይጠይቃል፣ ሒሳቡም ይሻላል። በኋላ ግን የለሰንኳቸው ቤቶች አንድ በአንድ ሲጠሩኝ ገባኝ። አንቺ ያየሽውን ሁሉ አይቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጭቃ ውሃ ይጠጣል፣ መልሶም ይተፋል። ክረምት የጠጣውን ፀሐይ ሲወጣ ያወጣዋል። ሲሚንቶ ሲለሰንበት ውሃው ከመሠረቱ በኩልና በስንጥቁ መግባቱን አይተውም፤ መውጫውን ግን ዘጋሽበት። ደግሞ ሲሚንቶ ግትር ነው። ጭቃው ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶው አብሮት አይሄድም። ስለዚህ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ይፈጠራል፤ ዝናቡ በእሷ ይገባል። ሊሾውም አግዞታል። ድሮ የጓዳው አፈር እርጥበቱን ወደ ላይ ይለቀው ነበር። አሁን ሊሾው ከደነውና ወዴት ይሂድ? ወደ ግድግዳው። ስለዚህ ሲሚንቶ መድገም ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ማፍረስ ግን አያስፈልግም። ያ ቀይ እንጨት ጥድ ነው። ጥድ ዘይት ስላለው ምስጥ አይደፍረውም። እኛ ጋ ኮምቦልቻ ቆላ ቀመስ ስለሆነ ምስጡ የባሰ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቋሚ በጥቂት ዓመት ዱቄት ሲሆን አይቻለሁ። ጥድ ቋሚ ያለው ቤት አፍርሶ በባሕር ዛፍ አጠና የሚተካ ሰው ሳይ ያመኛል። የበሰበሰው ማገርሽ በኋላ የገባ ይመስለኛል፤ ጥድ አይደለም።

አሁን አትቸኩዪ። መጀመሪያ ሲሚንቶውን ከታች እስከ ወገብሽ ድረስ አስነሺ፤ በመሮና በመዶሻ፣ ቀስ ተብሎ። በርሜል የሚመስል ድምፅ ያለበት በእጅ ይነሳል። ሽቦውን በጉጠት እየቆረጡ ማውጣት ነው፤ ከጎተቱት ጭቃውን ይዞ ይመጣል። ከዚያ ተይው ይድረቅ፤ ቢያንስ አንድ ወር። ጣራው የተሸከመበትን በኩል በእንጨት አስደግፊው። የበሰበሰውን ማገር ለውጪ። የቋሚው እግር ከበሰበሰ የበሰበሰውን ቆርጠሽ ከስር ድንጋይ አስቀምጪለት፤ ሌላውን አትንኪው።

ጭቃው ቀይ አፈር ይሁን። ዋልካ እንዳታስገቢ፤ ዋልካ ሲደርቅ እንደ እርሻ መሬት ይሰነጣጠቃል። የጤፍ ጭድ ጨምሪበት፣ በእግር ይረገጥ፣ ይሸፈን፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ ውሃ እየተጨመረ እንደገና ይረገጥ። ሁለት ሳምንት ይሰንብት፣ ሦስት ቢሆን ይመረጣል። ሲደርስ ይሸታል፤ ጭዱ ይላላል፣ ጭቃው እጅ ላይ ይሳባል። ያልሰነበተ ጭቃ የመረገ ሰው በየዓመቱ ይመርጋል።

የመጀመሪያው ምርጊት ወፍራም ነው፤ በደንብ ይድረቅ። ሁለተኛው ቀጭን፣ ጭዱ የደቀቀ፣ እበት የገባበት። ከላይ ኖራ መቀባት ትችያለሽ። ኖራ ውሃን እንደ ሲሚንቶ አያፍንም፤ ከአየሩ ጋር እየተዋሃደ ቀስ ብሎ ወደ ድንጋይነት ይመለሳል። ግን ያልበረደ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ዓይን ያጠፋል፤ ልጆች አይጠጉ። ያን የላስቲክ ቀለምሽንም አትድገሚው፤ እሱም ያፍናል።

ጊዜውን ልብ በይ። ጥቅምት ጀምሪ። የወሎ በልግ የካቲት መጋቢት ላይ ሊመጣ ይችላል፤ ከዚያ በፊት ደርቆ ማለቅ አለበት።

የአራዳዋ

አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ዕድሜ ይስጥዎ። ዛሬ ሳነብላት እናቴ ነች ያለቀሰችው። አንድ ነገር ልጨምር። በ1967 ትርፍ ቤት የወረሰው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ አያቴ ሁለት ቤት ነበራት። አንዱን ምረጪ ሲሏት ትልቁን ትታ ይሄንን መረጠች። «ሞኝ» ብለዋት ነበር። «ያኛው ባሕር ዛፍ ነው» ነበር መልሷ። ያኔ ልጅ የነበረችው እናቴ ነገሩ የገባት ዛሬ ነው።

ግን ጥያቄ አለኝ፤ ውሃው ከየት ነው የሚመጣው? አሸንዳው አይፈስም፣ አሳይቻለሁ።

የሆጤዋ

አብሽሪ እህቴ! የኔም እንዲሁ ነበር። እኔ አሸንዳ ቀየርኩ፣ ጣራ አስመታሁ፣ ጎረቤት ጋ ተጣላሁ (የሱ ጣራ ውሃ ነው ብዬ፤ በኋላ ይቅርታ ጠይቄ ቡና ጠርቼዋለሁ)። ምንም አልተለወጠም።

አንድ ቀን ለጎመን መደብ ልቆፍር ብዬ ግድግዳው ስር ዶማ ሳሳርፍ ድንጋይ ነካኝ። ቆፈርኩ፣ አሁንም ድንጋይ። ለካ የቤቱ የድንጋይ መሠረት ነው! ሁለት ስንዝር ተኩል ተቀብሮ። የማጀት አመድ፣ የጠረግነው አፈር፣ ከላይ ጎርፍ ያመጣው፣ ስንት ዓመት ግቢው ላይ ተከምሮ መሬቱ ከመሠረቱ በላይ ሆኗል። ጭቃው ግድግዳ በቀጥታ አፈር ውስጥ ቆሞ ነበር። ያስቀመጡት ሰዎች እኮ ድንጋዩን የሠሩት ጭቃው መሬት እንዳይነካ ነው።

አንቺም ከጦሳ በኩል ያለው ነው ያልሽው አይደል? ደሴ ውስጥ የማንም ቤት ጀርባው ወደ ዳገቱ ነው። ውሃው ከላይ መጥቶ እዚያው ይቆማል። እኔ አፈሩን ድንጋዩ እስኪታይ ድረስ አስወጣሁ፣ ከግድግዳው አንድ እርምጃ ርቆ ቦይ አስቆፈርኩ፣ ወደ መንገዱ አወጣሁት። በሚቀጥለው ክረምት ሽታው ጠፋ። ግድግዳውን ገና ሳልነካ!

ለሳኙ ከኮምቦልቻ

የሆጤዋ ልጅ ትክክል ናት። እኔ ይሄን ሳልጠይቅ ማለፌ አሳፈረኝ። መጀመሪያ ቦዩ፣ ከዚያ ግድግዳው። ግን አፈሩን ከመሠረቱ ድንጋይ ስር ዝቅ አድርጋችሁ አትቆፍሩ፤ ቤቱን ታንጠለጥሉታላችሁ።

ሲቪሉ

ከላይ ያሉት ያሉትን እደግፋለሁ፤ ሁለት ነገር ግን።

አንደኛ፣ ደሴ መሬቷ በቦታ በቦታ ይንሸራተታል። እርጥበት አንድ ነገር ነው፣ መሬት መሄድ ሌላ ነው። ግድግዳሽ ላይ ከመስኮት ጥግ ተነስቶ ሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ካለ፣ በሩም ድሮ ይዘጋ የነበረው አሁን እየተያዘ ካስቸገረ፣ ጭቃ ከመርገጥሽ በፊት እሱን አጣሪ። ቀላል ዘዴ አለ። የስንጥቁን ጫፍ በእርሳስ አስምሪና ቀኑን ጻፊበት። ከሁለት ወር በኋላ ምልክቱን ካለፈ ባለሙያ ጥሪ፤ እዚያ ላይ ጭቃም ብሎኬትም አያድንሽም። ባለብሎኬት ወንድማችን ልብ ይበል፣ ብሎኬት እንዲያውም ከባድ ነው።

ሁለተኛ፣ ከማፍረስሽ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄደሽ የቦታውን ፕላን እይ። ያፈረሱትን ያህል መልሶ መሥራት ሁልጊዜ አይፈቀድም። ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለጥገናም ፈቃድ ያስፈልጋል።

ባለብሎኬት

እሺ እሺ። እኔ አይጡን ብዬ ነው እንጂ።

የአራዳዋ (ኅዳር 9)

የት ጠፋች እንዳትሉኝ። ሥራ ላይ ነኝ።

የእርሳሱን ምልክት አደረግሁ፤ እስካሁን ንቅንቅ አላለም። ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ነበር፣ ቤቱ በቅርስነት አልተመዘገበም። የኔም በር እየተያዘ ያስቸግር ነበር፤ ቀለም በዝቶበት ነው ለካ፣ ስፍቀው ተከፈተ።

አፈሩን አስወጣን። የሆጤዋ፣ አንቺ ሁለት ስንዝር ተኩል አልሽ፤ የኔ ሦስት ሆነ! ከአፈሩ ውስጥ የወጣው ጉድ ነው። የጀበና አንገት አራት፣ የሲኒ ስባሪ፣ አንድ የሕፃን ጫማ፣ የዝገት ክምር ብቻ የሆነ ቁልፍ። ከኋላ በር ስር ደግሞ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተገኘ፣ መሃሉ በእግር የተበላ። ደረጃ ነበረ። እናቴ ደረጃ መኖሩን ራሷ አታውቅም፤ እሷ ሳትወለድ ተቀብሯል ማለት ነው።

ወንድሜ «እንዴት እንደሚፈርስ ልይ» ብሎ ለሦስት ቀን መጣ። አንደኛውን ቀን እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ዋለ። በሁለተኛው ቀን ሲሚንቶው ተነስቶ ቋሚዎቹ ሲታዩ ቆጠራቸው፦ በዚያ ግድግዳ ብቻ አስራ አንድ፣ ዘጠኙ ጥድ። እግራቸው የተነካ ሁለት ብቻ። በሦስተኛው ቀን ሱሪውን ጠቅልሎ ጭቃ ረገጠ። ፎቶ አንስቼዋለሁ፣ እንዳልለጥፈው አስምሎኛል።

የጓዳውን ሊሾ ገና አልነካሁትም። ገንዘብ አለቀ። ግድግዳው ጥግ ያለውን አንድ ክንድ ያህል ብቻ አስቆረጥኩ፣ ለመተንፈሻ እንዲሆን። ሌላው ለከርሞ።

አባባ ለሳኙ፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ጭቃው ዛሬ 11ኛ ቀኑ ነው። የጤፍ ጭድ ነው፣ ቀይ አፈሩን ከገራዶ አስመጣን። በላስቲክ ሸፍነነዋል። ጎረቤት ትናንት አፍንጫዋን ይዛ «ምን ሞቶባችሁ ነው?» አለች። ደርሷል ማለት ነው?

ለሳኙ ከኮምቦልቻ

እፍኝ አንሺና ቀስ ብለሽ ሳቢው። ጭዱ ቀጥ ብሎ የሚቆም ከሆነ ገና ነው።

የአራዳዋ

ቀጥ ይላል።

ለሳኙ ከኮምቦልቻ

ገና ነው። ዛሬ አንዴ አስረግጪው፤ ወንድምሽ ካልሄደ። እኔ የፊታችን ቅዳሜ ሐረጎን ወጥቼ ደሴ እመጣለሁ፤ ምርጊቱን ቆሜ አሳያችኋለሁ። ቡና ብቻ አፍሉ።