«ስሙን ጠርቻለሁ» ፈቃድ ነው እንዴ?

የጦሳ ልጅ፦ ትናንት እዚሁ አንዱ የደሴ ዘፋኝ «የሰው ዘፈን ደግሜ ስለቅ ስሙን ጠርቻለሁ፣ ሌላ ምን ላድርግ?» ብሎ ጻፈ። ላይኩ ጎረፈ። ኧረ ተዉ ጎበዝ! ስሜን ስለጠራህ ቤቴ ገብተህ ትተኛለህ?

ሸዋ በር፦ አታካብድ። ልጁ ስቱዲዮ የከፈለው ከኪሱ ነው። የተረሳ ዘፈን ነፍስ ዘራበት። ሊመሰገን ሲገባው!

ክራር ወዳጅ፦ ቆይ፣ ማንን ነው የጠራው? ዘፋኙን። ግጥሙን የጻፈውስ? ዜማውን የደረሰውስ? የቅጂ መብት አዋጁ፣ 410/1996፣ እኮ ለይቶ አስቀምጦታል። ስሜ ይጠራ ማለት አንድ መብት ነው። ማባዛት፣ ማቀናበር፣ ማሰራጨት ሌላ ነው። ደራሲው ቢሞት እንኳ 50 ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል።

ኮምቦልቼው፦ ወራሾቹን የት አግኝቼ? አምባሰልና ባቲንስ ማን ፈቅዶልን ነው የምንዘፍነው?

ክራር ወዳጅ፦ እነሱ ቅኝት ናቸው ወንድሜ። ቅኝት፣ ማለት ዜማ የሚደረስበት የድምፆች አደራደር፣ የማንም አይደለም። በቅኝቱ ሰው የደረሰው ዜማ ግን ባለቤት አለው።

ኮምቦልቼው፦ «ቅኝት ናቸው ወንድሜ» አለን ፕሮፌሰሩ! ባቲ አፍንጫ ሥር ተወልጄ አንተ ልታስተምረኝ?

ትዝታ ከዲሲ፦ እዚህ አሜሪካ አንዴ የወጣን ዘፈን ዋና ዜማውን ሳትለውጥ በድምፅ ብቻ ብትለቅ ደራሲው እምቢ ሊልህ አይችልም። በሕግ የተቆረጠውን ትከፍላለህ። በ2025 እ.ኤ.አ. ከ5 ደቂቃ ለማይበልጥ ዘፈን በአንድ ሲዲ 12.7 ሳንቲም ነበር። ቪዲዮ ከጨመርክ ግን ለብቻው ትደራደራለህ።

ሸዋ በር፦ አያችሁ! እዚያ እምቢ አይባልም።

ትዝታ ከዲሲ፦ ይከፈላል ነው ያልኩት እኮ! ደግሞም የአሜሪካ ሕግ ደሴ ላይ አይሠራም።

ሸዋ በር፦ መክፈል ማን ጠላ? ለማን ነው ጥያቄው። ስልኩን ላኩልኝ፣ አሁኑኑ በቴሌብር እልካለሁ።

የጦሳ ልጅ፦ የካሴቱን ሽፋን ገልብጠህ አንብብ። የግጥምና የዜማ ደራሲው ተጽፎልሃል።

ሸዋ በር፦ ካሴት? አያ፣ በየትኛው ዘመን ነው ያለኸው?

ዘፋኙ ራሱ፦ እየሰማሁ ነው። ዩቲዩብ ዘፈኑን ለይቶ ገቢውን ለባለመብት አዙሮታል። እኔ ቤሳ አላገኘሁም። ሌባ የምትሉኝ እፈሩ።

ክራር ወዳጅ፦ ሌባ ያለህ የለም። ግን የዞረው ለአሳታሚው ነው ወይስ ለገጣሚው? ለየትኛው ባለመብት?

ዘፋኙ ራሱ፦ እሱን ዩቲዩብን ጠይቅ!

የጦሳ ልጅ፦ ሳትለቀው በፊት አንተ ብትጠይቅ ምን ነበረበት?

ሸዋ በር፦ አሁንስ አበዛችሁት። ልጁን ከሙያው ልታስወጡት ነው?

ኮምቦልቼው፦ ክራር ወዳጅ፣ የባቲዋን ነገር አልጨረስንም። የት ሄድክ?