የሶፍትቦክሴ ጨርቅ ተበሳ፤ ሥራው ነገ ይፈለጋል፤ ቤት ውስጥ ባለ ዕቃ ምን ልተካው?

የሸርፍ ተራው (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ደሴ ነው፤ ጉዳዩ አስቸኳይ ስለሆነ በአጭሩ እገልጻለሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የመብራቱ ስታንድ ወድቆ የሶፍትቦክሱ (አምፖሉን ከብቦ ብርሃኑን የሚያለሰልሰው ሳጥን) የፊት ጨርቅ መሐሉ ላይ ጡጫ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ወጣበት፤ የቀዳዳው ጠርዝም ጠቁሯል። ለአንድ ሱቅ የዕቃ ፎቶ አንሥቼ ነገ ከቀትር በኋላ ማስረከብ አለብኝ። አዲስ ሶፍትቦክስ ከአዲስ አበባ ቢታዘዝ እስከዚያ አይደርስም። ስለዚህ ቤት ካለው ጨርቅ ወይም ወረቀት በየትኛው ልሸፍነው? ነጠላ ይሆናል ወይስ አቡጀዲ ይሻላል? እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ።

የቧንቧ ውሃዋ
አልሙኒየም ፎይል ይጠቀሙ። መጀመሪያ ጨምድደው፣ መልሰው ዘርግተው ካርቶን ላይ ይለጥፉትና ከመብራቱ ተቃራኒ ያቁሙት፤ ጥላውን በሚገባ ያነሣዋል።

ጦሳ
ስታንዱ ከወደቀ ዋናው ጥፋት እዚያ ላይ ስለሆነ አስቀድሞ እሱን ማስተካከል ይገባል። ካሜራው ሥር ያለው ቀዳዳ የሚቀበለው ብሎን ውፍረቱ ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሚሊሜትር ሲሆን በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ 20 ጥርስ አለው። ብሎን ሻጩን በደፈናው «ባለ 6» ብለው ከጠየቁት የሚሰጥዎት በሚሊሜትር የሚለካውን ነው፤ እሱ ሲያስገቡት የገባ ይመስላል፣ ነገር ግን ጥርሱ የተለየ ስለሆነ ይላላል፣ በኃይል ሲያጠብቁትም የካሜራውን ጥርስ ይበላል። ትክክለኛውን ካገኙ በኋላ ከካሜራው ሥር ከ5 ሚሊሜትር በላይ እንዳይገባ ዳዶና ሮንዴላ ይጨምሩበት። በብሎኑ ላይ ሲባጎ አስረው፣ የሲባጎውን ጫፍ በእግርዎ ረግጠው ካሜራውን ወደ ላይ ወጠር አድርገው ቢይዙት ያለ ትራይፖድም እጅዎ በእጅጉ ይረጋል።

የሸርፍ ተራው (ጠያቂ)
ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን የወደቀው የመብራቱ ስታንድ ነው። ካሜራውም ትራይፖዱም ደህና ናቸው። ጥያቄዬ ስለ ጨርቁ ብቻ ነው።

ኤሌክትሪሺያኑ
ጨርቁን ከመምረጥዎ በፊት አምፖሉ ምን ዓይነት እንደሆነ ሊነግሩን ይገባል። የቀዳዳው ጠርዝ ጠቁሯል ካሉ ጨርቁ ተቃጥሏል ማለት ነው፤ የኤልኢዲ አምፖል ደግሞ ጨርቅ አያጠቁርም። መብራቱ ሃሎጅን ከሆነ የአምፖሉ መስታወት በሚሠራበት ጊዜ ከ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል። ነጠላም አቡጀዲም ጥጥ ናቸው። ስታንዱ ዛሬ እንደወደቀው ነገም ቢወድቅና ጨርቁ አምፖሉ ላይ ቢያርፍ ሥራው ቀርቶ ቤቱ ነው የሚያሳስበው።

የሸርፍ ተራው (ጠያቂ)
አዎ፣ ሃሎጅን ነው፤ 1000 ዋት። ድሮ የሠርግ ቪዲዮ ይቀረጽበት የነበረ ነው። ታዲያ ራቅ ከተደረገ ነጠላ ይሆናል ማለት ነው?

ጋሽ ነጋቲቭ
ልጆች፣ ስለ ጨርቅ ዓይነት ከመከራከር በፊት መሠረቱን መያዝ ይበጃል። ብርሃን ለስላሳ የሚሆነው ከሚነሣው ዕቃ አንጻር የብርሃኑ ምንጭ ሰፊ ሲሆን ነው። ፀሐይ ግዙፍ ሆና ሳለ እጅግ ስለራቀች ከእኛ ዘንድ ትንሽ ነጥብ ናት፤ ጥላዋም ስለት አለው። ያችው ፀሐይ በደመና ስትሸፈን ሰማዩ በሙሉ መብራት ይሆንና ጥላው ይጠፋል። ስለዚህ ጨርቁን አምፖሉ ላይ ብትለጥፉት የብርሃኑ ስፋት ያው የአምፖሉ ስፋት ስለሆነ ብርሃኑን ከመቀነስ በቀር የሚያለሰልሰው ነገር የለም፤ ጨርቁ ለዕቃው ቀርቦ፣ አምፖሉ ከጨርቁ ርቆ፣ ጨርቁ ከዳር እስከ ዳር ሲበራ ነው ሥራውን የሚሠራው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ እንደሚወርድም አትርሱ። በእኛ ዘመን ደህና ፎቶ ቤት ሁሉ የሰሜን መስኮት ነበረው፤ በሰሜን መስኮት ቀጥተኛ ፀሐይ አይገባምና ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ብርሃን ይሰጣል። ልጄ፣ ሃሎጅኑን ወደ ጎን በለውና ሰሜን የሚያይ መስኮት ፈልግ።

ተማሪ ነኝ
ጋሼ፣ በአክብሮት አንድ ማረሚያ ላቅርብ። የሰሜን መስኮት ምክር ለአውሮፓ እንጂ ዓመቱን ሙሉ ለደሴ አይሠራም። ደሴ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። አሁን ደግሞ ሰኔ ላይ ነን፤ ፀሐይ ከሰሜን ምሥራቅ ወጥታ በሰሜን ምዕራብ ስለምትገባ ቀኑን ሙሉ ቀጥተኛ ፀሐይ የማያገኘው የደቡብ መስኮት ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ቢሆን ኖሮ እርስዎ ያሉት ልክ ነበር።

ጋሽ ነጋቲቭ
የእኔ ፎቶ ቤት መስኮት ወደ ሰሜን ነበር፤ በክረምትም ሠርቼበታለሁ።

ተማሪ ነኝ
በክረምት ደመናውና ጉሙ ስለሸፈነልዎት ይሆናል፣ ጋሼ።

ከኮምቦልቻ
እኔ ግን ጥያቄው ከሥሩ የተሳሳተ ይመስለኛል። የሚነሣው ዕቃ የማይንቀሳቀስ ነው፤ ትራይፖድ አለኝ ብለዋል፤ እንግዲህ 1000 ዋት ለምን አስፈለገ? ሙሽራ ስለሚንቀሳቀስ ብዙ ብርሃን ይፈልጋል። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ግን አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 100 ላይ፣ የሌንሱን ቀዳዳ ጠበብ አድርገው ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 ላይ፣ ካሜራውን በሁለት ሰከንድ ታይመር አድርገው የሰከንድ ሩብ ያህል ቢያስከፍቱት ተራ የቤት አምፖል ይበቃዋል። ሶፍትቦክሱን መጠገን አያስፈልግዎትም፤ ሶፍትቦክሱ ራሱ አያስፈልግዎትም። ለመሆኑ ዕቃው ምንድን ነው? እስካሁን አልነገሩንም።

የሸርፍ ተራው (ጠያቂ)
የብር ጌጣጌጥ ነው፤ ድሪ፣ አምባር፣ አልቦና ጉትቻ። አስቀድሞ መግለጽ የሚያስፈልግ አልመሰለኝም ነበር።

የቧንቧ ውሃዋ
ለብርማ ፎይል በጣም ያምራል። ካርቶን ላይ ለጥፈው ያቁሙት።

ብረታ ብረት
ቀላሉ መንገድ ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን ቂጡን ቆርጦ ጌጡን ከሥሩ ማስቀመጥ ነው። ብርሃኑ በጀሪካኑ ግድግዳ አልፎ ከየአቅጣጫው እኩል ይገባል። ጀሪካኑ ቢጫ ከሆነ ደግሞ ብሩን ወርቅ ስለሚያደርግልዎት ባለ ሱቁ ዋጋ መጨመር ይችላል።

ከአራዳ
ብረታ ብረት በቀልድ ያነሣው ሐሳብ ቀለሙ ሲቀር ትክክል ነው፤ ውሃ የሚቀዳበት ነጭና ብርሃን አሳላፊ ጀሪካን ለጉትቻና ለቀለበት በእርግጥ ይሠራል። ለድሪና ለአልቦ ግን ስለሚጠብ ሰፋ ያለ ካርቶን ይሻላል። የጌጣጌጥ ፎቶ ስለምሠራ ነገሩን ዘርዘር ላድርገው።

የተወለወለ ብር እንደ መስታወት ያለውን ሁሉ መልሶ ያሳያል። ክፍሉ ጨለማ ከሆነ ብሩ ጥቁር ይወጣል፤ ቀይ ሹራብ ለብሰው ካነሡት አምባሩ ላይ ቀይ መስመር ያገኛሉ። እህታችን ደጋግመው የመከሩት ፎይል ለምግብ ወይም ለሰው ፊት ቢጠቅምም እዚህ ጭምድዱ ራሱ ብሩ ላይ ይታያል። ስለዚህ ጌጡ የሚያየው ነገር ሁሉ ነጭና ወጥ መሆን አለበት። የካርቶኑን ሁለት ጎንና ጣሪያውን እንደ መስኮት ቆርጣችሁ በአቡጀዲ ወይም በስስ ነጭ ወረቀት ሸፍኑት። ነጠላ ካደረጋችሁ ጥለቱ ከካርቶኑ ውጪ ይቅር፤ ድርብ ቢሆን ደግሞ ይሻላል፣ ሽመናው የሳሳ ከሆነ ክሩ አንጸባራቂ ብር ላይ ሊታይ ይችላል። ከኋላ ጀምሮ እስከ ወለሉ ድረስ አንድ ነጭ ወረቀት ሳይታጠፍ ጎበጥ ብሎ ይውረድ። ፊት ለፊቱንም ሌላ ነጭ ወረቀት ጋርዳችሁ፣ ለሌንሱ የሚበቃ ቀዳዳ ብቻ ቅደዱለት፤ ያለዚያ ካሜራውና እጃችሁ በድሪው እንክብል ሁሉ ላይ ይታያሉ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ዙሪያው ሁሉ ነጭ ሲሆን ብሩ ቅርጹን አጥቶ እንደ ግራጫ ፕላስቲክ ይሆናል። ያን ጊዜ ሁለት ጣት የሚሰፋ ጥቁር ወረቀት ቆርጣችሁ ከፎቶው ክፈፍ ውጪ በግራና በቀኝ ብታቆሙ በጌጡ ጠርዝ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ይወጣና ቅርጹ ተመልሶ ይታያል። ጥቁር ወረቀት ከጠፋ ካርቶን ላይ የተሳበ ጥቁር ካልሲም ያንኑ ያደርጋል። አምባሩ አልቆም ካለ ከሥሩ በጣም ትንሽ ሰም ለጥፉበት፤ በሃሎጅኑ ሙቀት ቢሆን ኖሮ ሰሙ ቀልጦ አምባሩ ይወድቅ ነበር። ከማንሣታችሁ በፊት የጣት አሻራውን በለስላሳ ጥጥ ጥረጉ፤ ከዚያ በኋላ ጠርዙን ብቻ ያዙ።

አንድ ነገር ልጨምር። ካሜራው ነጭ ወረቀቱን አይቶ ብርሃን የበዛ ስለሚመስለው ፎቶውን ያጨልመዋል፤ የብርሃን ማስተካከያውን ከአንድ እስከ አንድ ከግማሽ ደረጃ ወደ ፕላስ አድርጉት።

የሸርፍ ተራው (ጠያቂ)
ካርቶንና አቡጀዲ አለኝ። በመስኮት ብርሃን ልሥራ ወይስ በኤልኢዲ አምፖል?

ኤሌክትሪሺያኑ
ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይምረጡ። የመስኮቱ ብርሃን ወደ ሰማያዊ፣ የቤት አምፖል ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ቢጫ ስለሚያደላ ሁለቱ ሲቀላቀሉ የብሩ አንዱ ጎን ሰማያዊ፣ ሌላው ቢጫ ይሆንና በኋላ ማረሙ አድካሚ ነው። በአምፖል ከሠሩ ሁለት ተመሳሳይ አምፖሎች ከአንድ ዓይነት ጥቅል ገዝተው በግራና በቀኝ በፖርታላምፓ ያብሩ፤ የካሜራውን ነጭ ሚዛን (ነጩን ነጭ አድርጎ የሚያሳየውን የቀለም ማስተካከያ) ደግሞ በነጩ ወረቀት ላይ ያስተካክሉ። መብራታችን በሰከንድ 50 ዑደት ስለሆነ ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ይላል፤ ስለዚህ ከሰከንድ 1/100 በፈጠነ መዝጊያ ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መስመሮች ሊወጡ ይችላሉ። በሰከንድ ሩብ ከሠሩ ይህ አያሳስብዎትም። ገመዱን ወለሉ ላይ በናስትሮ ይለጥፉት፤ ስታንዱን የጣለው እሱ ሳይሆን አይቀርም። መብራት ቢጠፋ ግን መስኮቱ አለልዎት።

ተማሪ ነኝ
መስኮቱን ከመረጡ የደቡቡን፤ ከሌለ ጠዋት ወደ ምዕራብ የሚያየውን።

ጋሽ ነጋቲቭ
የምዕራቡን ከመረጥክ ከቀትር በፊት ጨርስ፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይ ጦሳ ተራራ እስክትደርስ ድረስ በቀጥታ ትገባበታለች። የሰሜኑ ግን መጥፎ ነው አልልም።

ከኮምቦልቻ
አቡጀዲው ካልበቃዎት ከቴሌቪዥን ካርቶን የወጣ ነጭ ስታይሮፎም እኔ ጋ አለ፤ ለሁለቱ ጎን መልካም አንጸባራቂ ይሆናል። ጠዋት ወደ ደሴ በሚወጣ ሚኒባስ ልልክልዎት እችላለሁ፤ በውስጥ መልእክት ይጻፉልኝ።

ጦሳ
ዳዶው እንዳይረሳ።

ከአራዳ
ጠያቂው፣ ሥራው እንዴት ሆነ? አንድ የድሪ ፎቶ ቢያሳዩን ጥቁሩ ወረቀት ከየት በኩል እንደሚጎድል ልንነግርዎት እንችል ነበር።

የጀበና ነጋዴ
ይህ ሁሉ ለጥቁር የሸክላ ጀበናም ይሠራል? እኔ ሳነሣው ከኋላው መደብ ጋር ተቀላቅሎ ቅርጹ ይጠፋብኛል።

ከአራዳ
ለጀበና ነገሩ ይገለበጣል። ነጩን ካርቶን በግራና በቀኝ ወደ ኋላ ጠጋ አድርገው ቢያቆሙት በሆዱና በአንገቱ ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር ይወጣለታል። የተቀረውን ግን እባክዎን ሌላ ጥያቄ ከፍተው ይጠይቁ፤ እዚህ የብሩ ሰው መልስ እየጠበቅን ነው።

የቧንቧ ውሃዋ
ለጀበናውስ ፎይል ቢሞከር?