ስቴም ሴል የአባቴን ልብ ይጠግናል? እባካችሁ አማክሩኝ

የአባቷ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ከ2 ዓመት በፊት ልቡን በድንገት አሞት በተአምር ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ግን ልቡ ደከመ። ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ቆሞ ኪሱን ይፈታትሻል፣ ቁልፍ የጠፋበት ለመምሰል። አንድ ክሊኒክ «ከራሱ የሆድ ስብ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችል ሴል) አውጥተን በደም ሥር እንሰጠዋለን፣ አዲስ የልብ ጡንቻ ያበቅላል» አለን። ቤተሰቡ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀምሯል። እውነት ይሆናል?

ላብራቶሪ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር አባትሽን ይማርልሽ። ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም እየተጠሩ ነው። ከስብ የሚወጣው ሴል የልብ ጡንቻ አይሆንም። በደም ሥር ሲሰጥ ደግሞ አብዛኛው ሳንባ ላይ ተይዞ ይቀራል። ተስፋ የተጣለበት ሌላ ነው። ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ በ2006 እ.ኤ.አ. የአይጥ፣ በ2007 የሰው የቆዳ ሴል ወደ ስቴም ሴልነት መመለስ እንደሚቻል አሳየ። ያንን ሴል በኬሚካል እየመሩ የልብ ጡንቻ ያደርጉታል። እኔ በማይክሮስኮፕ አይቼዋለሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው መምታት ይጀምራል። መጀመሪያ አንድ ጥግ ብቻ ይርገበገባል፣ ቀስ እያለ ጎረቤቱ ይከተለዋል፣ በኋላ ሳህኑ ሙሉ አብሮ ይመታል። ያን ቀን ከወንበሬ መነሳት አቃተኝ።

የልብ ክፍል ነርስ፦ እሱም ቢሆን በአብዛኛው ገና ሙከራ ላይ ነው። አንድ ከባድ የልብ ሕመም እስከ 1 ቢሊዮን የጡንቻ ሴል ሊገድል ይችላል። የሚተከሉት ሴሎች ደግሞ ገና ለጋ ናቸው። በራሳቸው ይመታሉ፣ ከነባሩ ልብ ጋር ቶሎ አይናበቡም። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣ የጦጣ ጥናት ጡንቻው ልብ ላይ ሲበቅል ታይቷል፣ የልብ ምት መዛባትም አብሮ መጣ። ሴሉ ከሌላ ሰው ከሆነ ሰውነት እንዳይገፋው የመከላከል አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት ያስፈልጋል። ክሊኒኩን ሴሉ ከምን እንደተሠራ፣ ሙከራው የት እንደተመዘገበ፣ ምቱ ቢዛባ ማን እንደሚከታተለው ጠይቂ። አደራ፣ አባባ የልብ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ!

ተከታታይ፦ ተስፋ ግን አትቁረጪ። የጃፓኑ ኦሳካ ዩኒቨርሲቲ በ2020 እ.ኤ.አ. እንዲህ ከተሠራ የልብ ጡንቻ ስስ ንጣፍ አዘጋጅቶ የመጀመሪያውን በሽተኛ አክሟል። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ሴሉን እንደ እራፊ ሠርተው ልብ ላይ ይሰፉታል። አንዲት የ46 ዓመት ሴት 400 ሚሊዮን ሴል ያለበት እራፊ ተሰፋላት። ከ3 ወር በኋላ የልብ ንቅለ ተከላ ሲደረግላት የወጣውን ልብ መረመሩ። እራፊው በሕይወት አለ፣ የደም ሥርም ገብቶበታል። እንዲህ ያለ ሙከራ ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ በሚባል የሕክምና ሙከራዎች መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ይመዘገባል። ለሐኪሙ አሳዪው፣ ለአባትሽ የሚሆን ካለ እሱ ይነግርሻል። ለሙከራ ሕክምና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ግን ተጠንቀቂ።

የአባቷ ልጅ፦ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ደወልኩ። የት እንደተመዘገበ ስጠይቅ «መጀመሪያ ቀብድ ክፈሉ» አሉኝ። ወንድሜ የተሰበሰበውን ገንዘብ ለየባለቤቱ እየመለሰ ነው። ሐሙስ ከአባባ ጋር ሐኪሙ ዘንድ እንሄዳለን።