የቱዩብ አምፕሊፋየሬ ቤዝ ለምን ይላላል?

ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛል። ባለ ትራንዚስተርና ባለ ቱዩብ (በመስታወት ቫኩም ቱቦ የሚሠራ) አምፕሊፋየር በአንድ ስፒከር እያፈራረቅኩ እየሰማሁ ነው። በቱዩቡ የዘፋኙ ድምፅ ቀረብ፣ ሞቅ ይላል። ቤዙ ግን ልል ነው፤ የቤዝ ጊታሩ ኖታ ቶሎ አይቆምም። ትራንዚስተሩ ቤዙን ጥብቅ ያደርገዋል፣ ግን ደረቅ ይልብኛል።

ትንሽ የጮኸው ሁሌ የተሻለ ስለሚመስል፣ የ1000 ኸርዝ ድምፅ ለቅቄ በስፒከሩ ጫፍ ላይ ቮልታቸውን በመልቲሜትር እኩል አድርጌያለሁ።

ስፒከሩ 8 ኦም (የኤሌክትሪክ ሬዚስታንስ መለኪያ) ነው ይላል፤ ቱዩቡንም ከ8 ኦሙ መውጫ ነው ያሰርኩት። የስፒከር ኦም ግን እንደ ድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ይለዋወጣል። የቱዩብ አምፕሊፋየር የውስጥ ሬዚስታንስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል። ታዲያ ያ የድምፁ ሙቀት ከዚህ የመጣ ይሆን? ወደ 4 ኦሙ መውጫ ባዞረው ቤዙ ይጠብቅልኛል? ጉልበቱ ቢቀንስ ግድ የለኝም። የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ አንድ በሉኝ።