መሪው እጄን ያደነዝዘኛል፣ ሞተሯም ወድቃ ተጎዳች

ጥያቄ፦ ሰላም ሞተረኞች። 150 ሲሲ ባለ አንድ ሲሊንደር ነው የምነዳው። ከደብረ ብርሃን ተነስቼ በጣርማ በር ደብረ ሲና እስክወርድ ጣቶቼ የኔ አይመስሉኝም። ሰሞኑን ደግሞ ኮረኮንች ላይ ወድቃ የፍሪሲዮን እጀታዋ ተሰበረ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር መንዘሩ ተፈጥሮው ነው፤ የፒስተኑን ምት የሚያካክስ ሌላ ፒስተን የለውማ። መጀመሪያ ሞተሩን ከሻንሲው (ከዋናው የብረት አካል) ጋር የሚያስሩትን ብሎኖች አስፈትሽ፣ አንዱ ከላላ ሌላው ልፋት ከንቱ ነው። ከዛ የመሪው ሁለት ጫፍ ላይ የብረት ክብደት አስገጥም። ንዝረቱን አያጠፋውም፣ ግን መሪው ሲከብድ የሚነዝርበት የሞተር ዙር ይቀየራል፣ መጠኑም ይቀንሳል። ስትወድቅም ቀድሞ መሬት የሚነካው እሱ ነው።

መልስ፦ እጀታው እንዳይሰበር መሪው ላይ የሚያስረውን ማቀፊያ እስከ ጥግ አታጥብቀው። በእጅ ኃይል ስትገፋው ትንሽ ዞር ካለ በቂ ነው፣ ስትወድቅ ይዞራል እንጂ አይሰበርም። የጎን መከላከያ ብረትም አስገባ። በብሎን የሚታሰረውን እንጂ ሻንሲው ላይ የሚበየደውን እንዳትሞክር! ብየዳ ሻንሲውን ያዳክመዋል፣ ሲጣመምም መቀየሪያ የለውም።

መልስ፦ የጣርማ በር ብርድ ራሱ ጣት ያደነዝዛል እኮ 😄 ወፍራም ጓንት አድርግ፣ መሪውን አጥብቀህ አትጨብጠው።

ጠያቂው፦ ተባረኩ። ነገ በብሎኖቹ እጀምራለሁ። ክብደቱን ቶርኖ ቤት ማሠራት ይቻላል?

መልስ፦ በደንብ። የመሪውን ቱቦ የውስጥ ስፋት ለክተህ ሂድ።