ላይብረሪ ያለው መጽሐፍ ለሁሉም ተማሪ እንዲደርስ ምን ይደረግ? ጎንደር ያላችሁ በተለይ

የማራኪዋ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ፣ ጎንደር ነው ምማረው። የክፍል ተወካይ ስለሆንኩ ከላይብረሪው ምትፈልጉትን ጽፋችሁ አምጡ ተባልን፣ ልጆቹን ስጠይቅ ሁሉም ሚሉኝ "መጽሐፍ ይገዛልን" ብቻ ነው። መግዛቱማ ጥሩ ነው ግን ያሉትንስ መች አዳረስናቸው? አንድ ቴክስትቡክ 5 ኮፒ ካለ ቀድሞ የደረሰ ይወስደዋል፣ ሌላው ሀንድአውት ፎቶ እያነሳ ሴሚስተሩን ይጨርሳል፣ ደሞ አንዱ ግቢ አቧራ ለብሶ የተቀመጠውን መጽሐፍ ሌላኛው ግቢ ያለ ተማሪ ሲፈልገው ይከርማል። ላይብረሪ የሰራችሁ ወይ ሌላ ቦታ ጥሩ አሰራር ያያችሁ በናታችሁ ንገሩኝ፣ ሐሙስ ነው ማስረክበው።

ካታሎገሩ፦
እህቴ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል፣ ስራዬም እዛው ላይብረሪ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ሪዘርቭ ብለሽ ጻፊ። መምህራን ሴሚስተሩ ሳይጀመር የዋና መጽሐፎቻቸውን ሊስት ይሰጣሉ፣ እነዛ ከሼልፍ ተነስተው ካውንተር ጀርባ ይቀመጣሉ፣ ተማሪው መታወቂያ አስይዞ ለ3 ሰዓት እዛው አንብቦ ይመልሳል፣ ሊዘጋ ሲል ደሞ ለአዳር ይወጣና ጠዋት ይመለሳል። ሂሳቡን እይው፦ 5 ኮፒ ለ2 ሳምንት እየተዋሰ በ16 ሳምንት ሴሚስተር ቢበዛ 40 ሰው ጋ ነው ሚደርሰው፣ በቀን 12 ሰዓት በሚከፈት ላይብረሪ በ3 በ3 ሰዓት ከሆነ ግን በአንድ ቀን ብቻ 20 ሰው ያነበዋል። አንድም መጽሐፍ ሳይገዛ! ብቻ ቅጣቱ በሰዓት ይሁን፣ በቀን ከሆነ ማንም በጊዜ አይመልስም።

ሁለተኛ ካታሎግ። የቱ ግቢ ምን እንዳለው ተማሪው በስልኩ ካላየ መጋራት ሚባል ነገር የለም። አሜሪካ የኦሃዮ ኮሌጆች እ.ኤ.አ. በ1967 ኦሲኤልሲ ሚባለውን የላይብረሪዎች የጋራ ማዕከል ያቋቋሙት ለዚሁ ነው፣ አንዱ ላይብረሪ የመዘገበውን መጽሐፍ ሌላው መዝገቡን ወስዶ ይጠቀማል እንጂ ከዜሮ አይጀምርም። ኮሃ ሚባለው የላይብረሪ ሶፍትዌር ደሞ ነጻ ነው፣ መጀመሪያ ኒውዚላንድ ውስጥ ለህዝብ ላይብረሪ የተሰራ ነው፣ ብዙ ቅርንጫፍ በአንድ ካታሎግ ይይዛል፣ የተዋሰ መጽሐፍ ላይም ወረፋ ያስይዛል።

ጤና 4ኛ ዓመት፦
ሪዘርቩ አሪፍ ነው ግን ከግቢ ውጪ ምንኖረውን አስቡን እንጂ። እኔ ከአዘዞ ነው ምመላለሰው፣ ማታ መጽሐፍ ይዤ ታክሲ ስጠብቅ አምሽቼ ጠዋት እንደተከፈተ መልስ ብባል አልችልም። ከ5ቱ 2ቱ በተለመደው ውሰት ይቆዩ።

ደሞ ሂናሪን አትርሱ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው የጤና ጆርናሎችን በኦንላይን ሚያስነብብ ፕሮግራም ነው፣ ኢትዮጵያ ያለ ክፍያ ከሚጠቀሙት አገሮች ውስጥ ናት፣ በዶላር ካልከፈላችሁ አይከፈትም ሚላችሁን ጆርናል ይከፍተዋል። ተቋሙ መመዝገብ አለበት፣ ፓስወርዱ ብዙ ጊዜ ላይብረሪው ጋ ነው፣ ተማሪው አያውቅማ አይጠይቅም! ጤና ብቻም አይደለም፣ ለግብርና አጎራ፣ ለህግ ጎአሊ አለ፣ ሁሉም ሪሰርች ፎር ላይፍ ስር ናቸው። ፍሬሽማን ሲገባ ኦረንቴሽን ላይ 1 ሰዓት ተሰጥቶት ስልኩ ላይ እየከፈተ ይለማመደው ብለሽ ጻፊ።

ሰርቨር ክፍል፦
ኔትወርክ ሲጠፋስ? ሂናሪም ምናምኑም ኢንተርኔት ሲኖር ነው። ስለዚህ ግቢው ውስጥ ባለው ኔትወርክ ሚሰራ ሰርቨር ይኑር፣ ዲስፔስ ሚባል ጽሁፎችን አከማችቶ ሚያስፈልግ ነጻ ሶፍትዌር አለ፣ የተመራቂዎች ቴሲስ፣ የመምህራን ሞጁል፣ ደራሲው በነጻ የለቀቃቸው መጽሐፎች እዛ ላይ ይጫኑ፣ ውጪ ያለው መስመር ቢቋረጥም ዋይፋዩ ላይ ይከፈታል። አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ቴሲሶቹን በኦንላይን ለሁሉም ከፍቷል፣ እኔ ፕሮፖዛሌን ስጽፍ ከዛ ነው የተማርኩት። ቴክስትቡኮቹም ስካን ተደርገው ይግቡ።

ካታሎገሩ፦
ሰርቨሩን እደግፋለሁ፣ ስካኑን ግን ተወው ወንድሜ። የቅጂ መብት አዋጁ 410/1996 አለ፣ ሙሉ መጽሐፍ አባዝቶ መጫን ላይብረሪውን ያስጠይቀዋል። ለሰርቨሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው ሚይዝ ባትሪ) አብሮ ይጠየቅ፣ መብራት ድንገት ሲሄድ ዲስኩ ሊበላሽ ይችላል።

የማራኪዋ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም! ሪዘርቭ 3 ኮፒ፣ ለውሰት 2፣ የጋራ ካታሎግ፣ ሰርቨር ከነዩፒኤሱ፣ የሂናሪ ስልጠና ብዬ እጽፋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ መጽሐፉ ሌላ ግቢ መኖሩን ካየሁ በኋላ ማን ያመጣልኛል?

ካታሎገሩ፦
ደብዳቤ ሚያመላልስ መኪና በየግቢው ይዞራል አይደል፣ በሳምንት 2 ቀን አንድ ካርቶን መጽሐፍ አብሮ ይጫን በይ። የላከውም የተቀበለውም ላይብረሪ ይፈርማል፣ ተማሪው በቴሌግራም መጣልህ ይባላል። ይሄን ደሞ አንደኛ ላይ አድርጊው፣ ለመፍቀድ ሚቀለው እሱ ነው።