በግሉ ለሚሠራ ዲዛይነር እድገት በምን ይለካል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሎጎ፣ ባነርና የሠርግ ካርድ በግሉ የሚሠራ ሰው ሥራው እየበዛ ገቢው ካልጨመረ ችግሩ የት ነው?

መልስ 1፦ አብሽር ወንድሜ፤ የሥራውን ብዛት ተወውና የሰዓትህን ዋጋ እወቅ። በወር 160 ሰዓት ብትቀመጥ ደንበኛ ፍለጋው፣ እርማቱና የመብራት መጥፋቱ ግማሹን ይበሉታል እንበል። የወር ወጪህ 18,000 ብር ከሆነ ለቀሪው 80 ሰዓት አካፍለው፤ 225 ብር ይመጣል። 6 ሰዓት የፈጀ ሎጎ ከ1,350 ብር በታች ከተሸጠ ከኪስህ እየከፈልክ ነው።

መልስ 2፦ ሰዓቱን የሚጨርሰው «ቀለሙን ትንሽ ቀይርልኝ» የሚለው ነው። ሳትጀምር በጽሑፍ ተስማማ፦ ግማሽ ክፍያ በቅድሚያ፣ ሁለት ዙር እርማት፣ ከዚያ በላይ በሰዓት። ዋናውን ፋይል ቀሪው ብር ሳይገባ አትላክ።

መልስ 3፦ ልክ ናችሁ፣ ግን ብር ብቻውን መለኪያ አይሆንም። ጥር ላይ የሠርግ ካርድ ይበዛል፣ በዐቢይ ጾም ይቀዘቅዛል፤ ከጥር ገቢ ለዚያ አስቀምጥ። በቀዘቀዘው ወቅት በሳምንት ግማሽ ቀን ለራስህ ሥራ ስጥ። ለምሳሌ አራቱን የሙዚቃ ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን፣ በአራት ፖስተር ሥራቸው። ባነር ብቻ ለሚያሳይ ሰው የሚመጣለት የባነር ትእዛዝ ነው።